የወርድ ፋይል ውስጡ ምን አለ? የተበላሸ የአማርኛ ጽሑፍን ከምንጩ መፈተሽ

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስገቢያ ሲደርስ ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካባቢ ባሉ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ደጋግሞ የሚያጋጥም ችግር አለ። ቤት ውስጥ በደንብ ይነበብ የነበረ የአማርኛ ጽሑፍ በፍላሽ መጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወይ ባዶ ሳጥን በሳጥን ይሆናል፣ ወይ በላቲን ፊደል ይዘበራረቃል። ብዙ ሰው ወዲያው እንደገና ያስተይባል። ከዚያ በፊት ግን የፋይሉን ውስጥ ማየት ይገባል። ምንም አዲስ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም።

ከወርድ 2007 ጀምሮ የምንጠቀምበት ዶክኤክስ ፋይል በዚፕ የታሸጉ የብዙ ትንንሽ ፋይሎች ጥቅል ነው። አብዛኞቹ የተጻፉት ጽሑፍን በምልክቶች ከፋፍሎ በሚያስቀምጠው በኤክስኤምኤል ስለሆነ ማንም ሊያነባቸው ይችላል። አሠራሩ በ2008 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆኖ ጸድቋል።

አከፋፈቱ

መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጉ፤ ዋናውን አትንኩት። ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻን ደብቆ ከሆነ ፎልደሩ ላይ «ቪው» ውስጥ ገብታችሁ እንዲታይ አድርጉ። ከዚያ በኮፒው ላይ ሪኔም ብላችሁ ከነጥቡ በኋላ ያለውን አጥፉና በእንግሊዝኛ ፊደል «ዚፕ» ብላችሁ ጻፉ። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ እሺ በሉትና ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ወደ ፎልደር ፍቱት። አልፈታም ካለ ወይ የድሮው «ዶክ» ነው፣ ወይ ፓስወርድ ተደርጎበታል። የድሮውን በወርድ ከፍታችሁ በዶክኤክስ ሴቭ አድርጉት፤ ፓስወርድ ያለበትን ደግሞ መጀመሪያ ፓስወርዱን አንሱለት።

ከወጡት ፎልደሮች ውስጥ «ወርድ» የሚባለውን ግቡበት። «ዶክዩመንት» የሚለው የኤክስኤምኤል ፋይል ጽሑፋችሁ ራሱ ነው። በኖትፓድ ሲከፈት ሁሉም በአንድ መስመር ስለሚደረደር በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ክፈቱት።

አነባበቡ

«ባሕር ዳር ጣና ዳር ያለች ከተማ ናት» ብላችሁ ጽፋችሁ «ጣና»ን ብቻ ቦልድ አደረጋችሁ እንበል። ፋይሉ ውስጥ ይህ አንድ አንቀጽ ነው፤ አንቀጹ «ፒ» በሚል ምልክት ይከፈታል፣ ይዘጋል። በውስጡ «አር» የሚባሉ ሦስት ቁራጮች አሉ፦ አንዱ «ባሕር ዳር»ን፣ ሁለተኛው «ጣና»ን፣ ሦስተኛው የቀረውን ይይዛል። በየቁራጩ ውስጥ ደግሞ «ቲ» አለ፤ ፊደሎቹ ያሉት እሱ ጋ ነው። የ«ጣና» ቁራጭ ከጽሑፉ በፊት «ቢ» የሚል ምልክት አለው፤ ቦልድ ማለት ነው። «ኤስዜድ» የፊደል መጠን ሲሆን የሚቆጠረው በግማሽ ነጥብ ነው፤ 24 ካያችሁ ወርድ ላይ የመረጣችሁት 12 ነው።

አሁን «ቲ» ውስጥ ያለውን ተመልከቱ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ምርመራ ይህ ነው።

አማርኛው እንደ አማርኛ ከተነበበ ጽሑፋችሁ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የጋራ አሠራር) ነው፣ ምንም አልጠፋም፤ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው። «አርፎንትስ» በሚለው ምልክት ውስጥ የትኛው ፎንት እንደተጠየቀ ስሙ ተጽፏል። ያንን ፎንት ጫኑ፣ ወይም በወርድ ሁሉንም መርጣችሁ እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ባሉ ነፃ ፎንቶች ቀይሩት። ለማተም ሌላ ቦታ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ከወርድ ኦፕሽን፣ «ሴቭ» በሚለው ስር፣ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር እንዲታሸግ ምረጡ።

«ቲ» ውስጥ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ ግን ጽሑፉ የተተየበው በድሮ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ፎንቱ ሲጠፋ ላቲኑ ብቻ ይቀራል። ያንኑ ፎንት መጫን ለማተም ይበቃል። ጽሑፉ እንዲፈለግና በስልክም እንዲነበብ ከፈለጋችሁ ግን ለዚያ ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። በሁለቱም መንገድ እንደገና መተየብ የለባችሁም።

ሳትልኩት በፊት

«ወርድ» ውስጥ ያለው «ሚዲያ» የሚለው ፎልደር ፎቶዎቻችሁን ይዟል። በእምቦጭ ላይ የሠራችሁት ጽሑፍ ለኢሜይል ከከበደ፣ ከጣና ዳርቻ ካነሳችኋቸው ፎቶዎች የትኛው እንዳከበደው እዚህ በመጠን ይታያል። ወርድ ላይ የቆረጣችሁት የፎቶ ክፍልም ሳይጠፋ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል።

ከ«ወርድ» ጎን ባለው «ዶክፕሮፕስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ «ኮር» የሚለው ፋይል ጽሑፉን የጀመረውንና መጨረሻ ሴቭ ያደረገውን ስም ከነቀኑ ይዟል። ስሙ ከኮምፒውተሩ ወይም ከወርዱ አካውንት የሚመጣ ስለሆነ የጽሕፈት ቤቱ ስም መገኘቱ የተለመደ ነው፤ በዚህ ብቻ ተማሪን «የሰው ሥራ ነው» ብሎ መክሰስ ግፍ ነው።

የወርድ ለውጥ መመዝገቢያ «ትራክ ቼንጅስ» በርቶ ከነበረ ደግሞ «ዶክዩመንት» ፋይሉ ውስጥ «ዴል» የሚለውን ምልክት ፈልጉ። የሰረዛችሁት ዓረፍተ ነገር ለውጡ እስኪጸድቅ ድረስ ሙሉ በሙሉ እዚያው አለ። ውል ለምትተይቡ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተሰረዘው ዋጋ ለሌላው ወገን ሊነበብ ይችላል። መፍትሔው ወርድ ላይ «አክሴፕት ኦል» ማለት ነው።

«ዶክዩመንት» ፋይሉ ውስጥ አንድ ቃል ማስተካከል ከፈለጋችሁ በኖትፓድ አርሙና በዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ ማስቀመጫ ዓይነት) ሴቭ አድርጉ። መልሳችሁ ስታሽጉ የውጪውን ፎልደር አትምረጡ፤ ገብታችሁ በውስጡ ያሉትን ሁሉ አንድ ላይ መርጣችሁ ዚፕ አድርጉ፣ ከዚያ የስሙን መጨረሻ ወደ ዶክኤክስ መልሱ። ወርድ አልከፍትም ካለ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ፎልደሩ አብሮ ታሽጓል፣ ወይ የተከፈተ ምልክት ሳይዘጋ ቀርቷል። የኤክስኤምኤል ፋይሉን ብሮውዘር ላይ ብትከፍቱት ስህተቱ ያለበትን መስመር ይነግራችኋል።