ዩኒቨርሲቲዎች ኮንፈረንስ ሊቀይሩ ነው ሲባል ወሬውን ከውሉ ጋር እንዴት ማመሳከር ይቻላል?

በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት «እገሌ ዩኒቨርሲቲ ኮንፈረንሱን (እርስ በርስ የሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎችን ኅብረት) ሊለቅ ነው» የማይባልበት ወር የለም። አብዛኛው ወሬ ሆኖ ይቀራል። እውነት የሚሆነውን ለመለየት ግን የውስጥ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። የቴሌቪዥን ውሉ መቼ እንደሚያበቃ፣ የስርጭት መብቱ በማን እጅ እንዳለ፣ መውጫው ስንት እንደሚያስከፍል፣ ለአዲሱ አባል ደግሞ ማን እንደሚከፍል ማወቅ ይበቃል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ፉትቦል ስንልም በእጅ የሚያዘውን የአሜሪካውን ነው።

እስከ 1984 ድረስ የኮሌጅ ፉትቦልን ለቴሌቪዥን የሚሸጠው የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር ኤንሲኤኤ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ክስ ላይ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ይህ ቁጥጥር ነፃ ውድድርን የሚያስጠብቀውን ሕግ ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ዋናዎቹ ሻጮች ኮንፈረንሶቹ ሆኑ፤ ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሜዳው የሚጫወተውን ፉትቦል ለብቻው ለኤንቢሲ ጣቢያ ይሸጣል። ስለዚህ ኮንፈረንስ በተግባር የሻጮች ማኅበር ነው። ጎረቤትነትና የቆየ ባላንጣነት ከውሉ በኋላ የሚመጡ ነገሮች ናቸው፤ የሚያሳዝን ቢሆንም ነገሩ እንዲያ ነው።

በመጀመሪያ ቀኑን ይመልከቱ። ከዚህ በታች ቢግ ቴን፣ ቢግ 12፣ ኤሲሲ፣ ኤስኢሲና ፓክ-12 የምንላቸው ኮንፈረንሶች ናቸው፤ ፎክስ፣ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲና ኢኤስፒኤን ደግሞ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች። የቢግ ቴን ውል ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር እስከ 2029-30 የውድድር ዘመን ነው። የቢግ 12 ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር እስከ 2030-31፣ የኤሲሲ ደግሞ ከኢኤስፒኤን ጋር እስከ 2036 ይዘልቃል። ውሉ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው የሚሰማ ወሬ ክብደት አለው፤ ሰባት ዓመት ሲቀረው የሚሰማው በአብዛኛው የድርድር ጫና ነው። ሁለቱ የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ፣ ከፓክ-12 ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ ያስታወቁት ጁን 30 ቀን 2022 ነው። የፓክ-12 ውል የሚያበቃው በ2024 በጋ ነበርና ስሌቱ ግልጽ ነበር።

ቀጥሎ የመብት ማስተላለፊያ ውሉን ይፈልጉ። በዚህ ውል ዩኒቨርሲቲው በሜዳው የሚያደርጋቸውን ጨዋታዎች የማሰራጨት መብት ለተወሰኑ ዓመታት ለኮንፈረንሱ ያስረክባል። ቢለቅም መብቱ እዚያው ይቀራል፤ የሚወስደው ኮንፈረንስ የሜዳ ጨዋታውን ማሳየት የማይችለውን ቡድን ገዛ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ውሉ የሚይዘው የሜዳ ጨዋታዎችን ብቻ ነው፣ በሰው ሜዳ የሚደረጉት የባለሜዳው ኮንፈረንስ ናቸው። ቴክሳስና ኦክላሆማ ወደ ኤስኢሲ እንደሚሄዱ የታወቀው በጁላይ 2021 ነበር፤ በጊዜው የነበረው የቢግ 12 የመብት ማስተላለፊያ ውል ግን እስከ 2025 ይዟቸው ነበር። በመጨረሻ በፌብሩዋሪ 2023 ሁለቱ በጋራ 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው አንድ ዓመት ቀድመው በ2024 ወጡ። ድርድሩን ካጓተቱት አንዱ ፎክስ ነበር፤ የኤስኢሲ ጨዋታዎች የኢኤስፒኤን በመሆናቸው ፎክስ ጨዋታዎቹን ያለ ምትክ ሊያጣ ነበር። ከፓክ-12 የወጡት አሥሩ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ውላቸው ስላበቃ መውጫ አልከፈሉም።

የመውጫ ክፍያ በሰነድ ላይ እንደተጻፈው የሚከፈለው አንዳንዴ ብቻ ነው። ሜሪላንድ በ2012 ኤሲሲን እንደሚለቅ ሲያስታውቅ ከ52 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጠየቀ፤ በ2014 በ31.4 ሚሊዮን ተስማማ። የተጻፈውን ቁጥር የድርድር መነሻ አድርገው ይያዙት። ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን ኤሲሲን ከሰው በማርች 2025 ሲታረቁ ደግሞ ክፍያው በየዓመቱ እየቀነሰ በ2030-31 ወደ 75 ሚሊዮን እንዲወርድ፣ የሚወጣውም የስርጭት መብቱን ይዞ እንዲሄድ ተስማሙ። ሌሎቹ ትልልቅ ውሎች በዚያው ሰሞን እንደሚያልቁ ልብ ይበሉ።

አሁን ሂሳቡ። በዜና የሚወጣውን ጠቅላላ ድምር እንዳለ አይውሰዱ፤ በዓመታቱ ከዚያም በአባላቱ ቁጥር ያካፍሉት። ቢግ 12 በ2022 የተዋዋለው 2.28 ቢሊዮን ዶላር ለስድስት ዓመት ነበር፤ ለ12 አባላት ሲካፈል 31.7 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። የቢግ ቴን የሰባት ዓመት 7 ቢሊዮን ለ16 ሲካፈል 62.5 ይሆናል። ይህ የቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። ከኤንሲኤኤ ውድድሮችና ከፉትቦል የፍጻሜ ዙር የሚመጣውን ለማወቅ ኮንፈረንሶቹ በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያቀርቡትን ፎርም 990 ይክፈቱ፤ ለእያንዳንዱ አባል የተከፈለው በዝርዝር ይገኛል። በ2023 በጀት ዓመት ቢግ ቴን ሙሉ ድርሻ ላላቸው አባላት ለእያንዳንዱ 60 ሚሊዮን ያህል ሲከፍል ኤሲሲ በአማካይ 45 ሚሊዮን ያህል ከፍሏል። ሰነዱ ዓመት ያህል ዘግይቶ ስለሚወጣ ከዘንድሮው የዜና ቁጥር ጋር አያምታቱት።

ከዚያ ልዩነቱን ከመውጫው ጋር ያነጻጽሩ። ልዩነቱ በዓመት 20 ሚሊዮን፣ መውጫው 75 ሚሊዮን ነው እንበል፤ ወጪው በአራት ዓመት ይመለሳል። ነገር ግን አዲስ ገቢ ብዙ ጊዜ ሙሉ ድርሻ አያገኝም። ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን የገቡት በግማሽ ገደማ ነው። ስታንፎርድና ካል (በበርክሌይ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) በኤሲሲ ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት 30 በመቶ ያገኛሉ፤ የዳላሱ ዩኒቨርሲቲ ኤስኤምዩ ደግሞ ለዘጠኝ ዓመት የቴሌቪዥን ገንዘብ ሳይጠይቅ ገባ።

ኤሲሲ ለምን ተቀበላቸው? በውሉ ውስጥ አባል ሲጨመር ጣቢያው በዚያው መጠን ክፍያውን እንዲጨምር የሚያስገድድ አንቀጽ ስለነበረ ነው። ኢኤስፒኤን ለሦስቱም ሲከፍል እነሱ የተውት ድርሻ ለነባሮቹ ማከፋፈያ ሆነ። «ማን ይሄዳል?» ከሚለው ይልቅ ይህን አንቀጽ መፈለግ የበለጠ ያስረዳል። አንቀጹ ከሌለ ነባሮቹ ከራሳቸው ድርሻ ቀንሰው ማካፈል አለባቸው፤ ያን የሚያደርግ ኮንፈረንስ ብዙም አይታይም።

የጣቢያዎቹ ፍላጎት በጊዜ ተቀይሯል። በኬብል ዘመን የሚቆጠረው ቤት ነበር። የኮንፈረንሱ ጣቢያ አባል ባለበት ክልል ካለ ደንበኛ በወር አንድ ዶላር፣ ከክልሉ ውጭ 10 ሳንቲም ያስከፍላል እንበል፤ አንድ ሚሊዮን ቤት በዓመት 12 ሚሊዮን ወይም 1.2 ሚሊዮን ዶላር ያስገባል ማለት ነው። በ2014 ሜሪላንድና ሩትገርስ ወደ ቢግ ቴን የገቡት የዋሽንግተን ዲሲንና የኒው ዮርክን ቤቶች ይዘው ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው ልጆቻቸውን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ወዳለበት ኮሌጅ ፓርክ የሚልኩ ወገኖቻችን በ1953 ኤሲሲን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ለምን ከኦሃዮና ከሚሺጋን ጋር እንደሚጫወት ቢጠይቁ መልሱ ይኸው ነው። ዛሬ ሰው ኬብል እያቋረጠ ስለሆነ የሚቆጠረው ተመልካች ነው። የአንድን ቡድን ተመልካች ሲያነጻጽሩ ከታላላቆቹ ጋር የተጫወተባቸውን ቀናት ያውጡ፣ በነፃ ጣቢያ የተላለፈውን ከኬብሉ፣ የቀኑን ከሌሊቱ ይለዩ። አለበለዚያ የተጋጣሚውን ተመልካች ለእርሱ ይቆጥሩለታል።

ፓክ-12 የፈረሰው እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለገጠሙት ነው። በ2012 የከፈተውን ጣቢያ ያለ ሸሪክ ብቻውን ያዘ፤ ቢግ ቴን ከፎክስ ጋር፣ ኤስኢሲ ደግሞ በኢኤስፒኤን ጣቢያ ነበሩ። የሳተላይት ቴሌቪዥን አቅራቢው ዳይሬክቲቪ ጣቢያውን አንድም ቀን አላስተላለፈም። ሎስ አንጀለስን ካጣ በኋላ በኦገስት 2023 እጁ ላይ የቀረው ከአፕል የመጣ፣ ክፍያው ከተመዝጋቢ ቁጥር ጋር የተያያዘ ሐሳብ ነበር። ኦገስት 4 ቀን ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12 ሄዱ። በመጨረሻ ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ቀሩ።

ከድርሻው ላይ የጉዞ ወጪን መቀነስም አይርሱ። ከሎስ አንጀለስ ሩትገርስ እስካለበት ኒው ጀርሲ ወደ 3,900 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፉትቦሉ አልፎ አልፎ ይሄዳል፣ መረብ ኳሱና ሶፍትቦሉ ግን ደጋግመው ይበራሉ። የግዛት ፖለቲካም ያስከፍላል፦ ሁለቱንም የሚያስተዳድረው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ዩሲኤልኤ ለካል በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰጥ ወስኗል።

የመጨረሻው ምልክት ያለው በቦርድ አጀንዳ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስብሰባቸውን አስቀድመው በይፋ ማሳወቅ አለባቸው። ኮሎራዶ ወደ ቢግ 12 ለመመለስ የወሰነው ጁላይ 27 ቀን 2023 በጠራው ልዩ ስብሰባ ነው። እንደ ዩኤስሲና ስታንፎርድ ያሉ የግል ተቋማት ይህ ግዴታ ስለሌለባቸው በእነሱ ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። አጀንዳዎቹን በተለይ ከጁን መጀመሪያ ጀምሮ ይከታተሉ፤ የብዙዎቹ በጀት ዓመት ጁን 30 ስለሚያበቃ የመውጫ ክፍያው የሚጨምረውም በዚያ ቀን ነው። ሳን ዲዬጎ ስቴት በ2023 ማውንቴን ዌስት የተባለውን ኮንፈረንሱን ለመልቀቅ ማሰቡን የገለጸው ክፍያው ከጁን 30 በኋላ በእጥፍ ገደማ ከመጨመሩ በፊት ነበር። ከፓክ-12 ግብዣ ሳይመጣ ቀኑ ደረሰና እዚያው ለመቆየት ተገደደ፤ ኮንፈረንሱም የያዘበትን ገንዘብ እስኪለቅለት ሲከራከር ቆየ።