ክር ሲበጠስ ብሎኑን አትንኩት

ስፌት መኪና ሲያስቸግር እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ክር ማጥበቂያው ብሎን ነው። እኔም አንድ ቅዳሜ ሙሉ መኪናዬን ስፈታ ስገጥም ውዬ፣ ማታ ሌላ ክር ባደርግባት ቀጥ አድርጋ ሰፋችልኝ። ጥፋተኛው በርካሽ የገዛሁት ጥቁር ክር ነበር።

የላይኛው ክር ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል

አንድ ክንድ ያህል ምዘዙና ወደ ብርሃን ያዙት። እዚህ ወፍሮ እዚያ ከቀጠነ፣ ፀጉር ካበዛ፣ በሁለት ጥፍር መካከል ሲሳብ ጉብ ጉብ ካለ፣ ክሩ መርፌው ቀዳዳ ላይ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ በእጃችሁ ለመበጠስ ሞክሩ። ጥሩ ክር ጣት እስኪቆርጥ ይታገላል፤ ፀሐይ ሲመታው የከረመ የጥጥ ክር ግን ሳይታገል ይበጠሳል። ለመወስወሻ ካልሆነ አይጠቅምም።

ክሩ ደህና ከሆነ መርፌውን ተጠራጠሩ። ለተለመደው 40/2 ፖሊስተር 90/14 መርፌ ይስማማዋል፤ ለስስ ጨርቅ ቀጭን ክርና 80/12፣ ለጂንስ 100/16። 40/2 ላይ ያለው 2 ስንት ክር አብሮ እንደተገመደ ይናገራል። የመጀመሪያው ቁጥር ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል፣ የመርፌ ቁጥር ሲጨምር ግን መርፌው ይወፍራል። ስንቱን ሰው ያምታታ ነገር ነው!

ከጨርቁ ሥር ክር ይተበተባል

ሁሉም ቦቢኑን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን) ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን የላይኛው ክር ማጥበቂያው ውስጥ በደንብ አልገባም። ጨርቅ የሚጫነውን እግር ከፍ አድርጋችሁ ክሩን እንደገና አስገቡ። ይኸው ነው።

ስፌቱ ይሸበሸባል

ነጠላና ሌላ ስስ የሸማ ጨርቅ ላይ የሚያናድደው ይህ ነው። ፖሊስተር ይለጠጣል፤ ቦቢን ላይ በፍጥነት ሲጠቀለል ተወጥሮ ይቀመጥና ከተሰፋ በኋላ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ጨርቁንም አብሮ ይሰበስበዋል። ቦቢኑን ቀስ ብላችሁ ጠቅልሉ፣ የላይኛውን ክር ጥቂት አላሉ፣ የስፌቱን ርዝመት ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ብሎኑ የሚነካው እዚህ ላይ ነው፤ እሱም ሩብ ዙር።

ካውያ ሲያርፍበት ስፌቱ ቀለጠ

ሻጩ «ጥጥ ነው» ያለው ሁሉ ጥጥ አይደለም። ትንሽ ቆርጣችሁ በወረንጦ ይዛችሁ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ልስልስ አመድም ይተዋል። ፖሊስተርና ናይለን ይቀልጡና ጠጣር ጉብታ ይሆናሉ፤ ናይለኑ ደግሞ ከፖሊስተሩ ባነሰ ሙቀት ካውያ ይጎዳል። ቁርጥራጭ ጨርቅ ቀጣጥላችሁ የአልጋ ልብስ የምትሰፉ (አያቶቻችን ቢያዩት ድሪቶ ይሉት ነበር) መገጣጠሚያው ላይ ቀጭን 50 ቁጥር የጥጥ ክር ተጠቀሙ፤ በየቁራጩ ካውያ ስለሚያርፍበት ሙቀት የሚችል ይፈለጋል፣ ቀጭን ሲሆን ደግሞ መገጣጠሚያው ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። ፊቱ፣ መሐሉና ገበሩ አንድ ላይ ሲሰፉ 40 ቁጥር ክርና 90/14 መርፌ ይሁን። ሦስት ንብርብር ላይ ቀጭን መርፌ ይጣመማል፣ ስፌትም ይዘልላል።

ቀለሙ ነጩ ላይ ለቀቀ

አንዴ ከለቀቀ ማስለቀቁ አበሳ ነው። ቀይ፣ ጥቁር ወይም ጥልቅ ሰማያዊ ክር ከመስፋታችሁ በፊት ቁራጩን እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ በትኩስ ካውያ ተጫኑት። ነጩ ላይ መስመር ከቀረ፣ ያ ክር ለጥቁር ሱሪ ይሁን።