ኢዚፓስ ሲዘጉ፦ ታርጋው፣ መሣሪያው፣ ካርዱ

መኪና ሲሸጥ ኢዚፓሱን፣ ማለትም የቶል (የመንገድ ክፍያ) መሣሪያውን፣ ከመስታወቱ ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ መክተት አካውንት መዝጋት አይደለም። አካውንቱ ላይ ሦስት ነገር ተመዝግቧል፦ መሣሪያው፣ ታርጋውና የባንክ ካርዱ። መሣሪያው ቢነሳም ሁለቱ ባሉበት ይቆያሉ።

ታርጋው ይቅደም። መንገዱ ላይ ያለው አንባቢ መሣሪያ ካላገኘ ካሜራው ታርጋውን ያነሳል፤ ታርጋው በስምዎ ከተገኘ ክፍያው ከእርስዎ ይቆረጣል። በቨርጂኒያም በሜሪላንድም ታርጋ የባለቤቱ እንጂ የመኪናው አይደለም፤ ገዢው መኪናውን ይዞ ሳይሄድ ፈትተው ያስቀሩት። (ሜሪላንድ ላይ ታርጋውን ሳይመልሱ ኢንሹራንስ ማቋረጥ ራሱን የቻለ ቅጣት አለው።) ከዚያ ታርጋውን ከአካውንቱ ያስወጡ።

ሌላ መኪና የሚገዙ ከሆነ መዝጋቱ ከንቱ ድካም ነው፤ አዲሱን ታርጋ አስገብተው መሣሪያውን ማዛወር ይበቃል። ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ የሚዛወርም ቢሆን አይቸኩል፦ የሜሪላንድ መንገዶችና ድልድዮች ቅናሽ የሚሰጡት ሜሪላንድ ለሰጠችው መሣሪያ ነው።

ለመዝጋት ከቆረጡ የመሣሪያውን ቁጥር ፎቶ አንስተው መዝጊያውን በድረ ገጹ ወይም በስልክ ይጠይቁ። በፖስታ ሲመልሱ በመጣበት የብር ከረጢት፣ ከጠፋም በኩሽና ፎይል ደርበው ይጠቅልሉት። ካልተጠቀለለ ፖስታውን የጫነው መኪና በቶል ባለፈ ቁጥር ሊነበብ ይችላል። መከታተያ ቁጥር ያለው ደረሰኝም ይያዙ።

ካርዱን መጨረሻ ላይ ያንሱ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ገንዘቤ እንዳይቆረጥ ብለው አስቀድመው ያጠፉታል። የኒውጀርሲ ወይም የፔንስልቬንያ ክፍያ ግን ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ባላንሱ ካልበቃው ያልተከፈለ ቶል ሆኖ ቅጣት ይከተላል። ቀሪው ገንዘብ የሚመለሰው ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ስለሆነ፣ ቼክ ሊላክ ይችላልና አድራሻዎ ትክክል ይሁን።

መሣሪያውን ይዘው ለሚቀጥሉ፣ በተለይ ለኡበርና ለታክሲ ሹፌሮች፦ ወርሃዊ ዝርዝሩን ሲያዩ ክፍያው በመሣሪያው ይሁን በታርጋው መነበቡን ይለዩ። በታርጋ የተነበበው ከበዛ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ቦታው ልክ አይደለም። ትክክለኛ ቦታው ከውስጥ መመልከቻው መስታወት ጀርባ ነው፤ ከመለጠፉ በፊት መስታወቱን በአልኮል ይጥረጉ። የፊት መስታወታቸው ብረት የተቀባ መኪኖች ላይ ግን ከውስጥ ላይሠራ ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ከፊት ታርጋ ጋር የሚታሰር የውጭ መሣሪያ መጠየቅ ነው።

በቨርጂኒያ በ495፣ በ95፣ በ395 እና በ66 ኤክስፕረስ ሌኖች ሹፌሩን ጨምሮ ሦስት ሰው ሆኖ በነፃ ለማለፍ ፍሌክስ የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋል። ማብሪያውን ሌኑ ውስጥ ሳይገቡ ወደ ኤችኦቪ (ብዙ ሰው የያዘ መኪና) ያዙሩት፤ ተሳፋሪው ሲወርድ መመለሱንም አይርሱ።

ኪራይ መኪና ሲይዙ የኪራዩን ታርጋ ከመነሻና ከመመለሻ ሰዓቱ ጋር ያስገቡ፤ ሲመልሱ ያውጡት። አከራዩ መስታወቱ ላይ የራሱ መሣሪያ ካለው ሳጥኑን ይዝጉት፤ ካልተዘጋ ሁለቱም ሊነበቡ ይችላሉ።

ያልተከፈለ ቶል አለብዎ የሚል የስልክ መልእክት ከመጣ ሊንኩን አይንኩ። ኤፍቢአይ በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ያስጠነቀቀው ስለዚህ ማጭበርበር ነው። ዕዳ መኖሩን ለማጣራት ራስዎ ወደ አካውንትዎ ገብተው ይዩ።