ፎሶሊያው አልበቀለም? እስቲ ቆፍሩና እዩት

ጓሮ የሌለኝ ተከራይ ነኝ። ፎሶሊያ የምዘራው ቤት ውስጥ፣ መስኮት ሥር፣ በተቆረጠ ጀሪካን ነው። ጎረቤቶች አይተው ጀመሩ። የጎረቤት ጎረቤትም ተከተለ። አሁን አሁን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ "እግረ መንገድህን ይቺን ጉድ እያትማ" የሚለኝ አላጣም። እዚህ ጎንደር ከማራኪ እስከ አዘዞ ብዙ ጀሪካን ገልብጫለሁ። የማየው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዱ ነው። ስለዚህ እሱን አብጠርጥሬ እነግራችኋለሁ፣ ሌላውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ዘር ስንት ሴንቲሜትር እንደሚቀበር የማያውቅ ሰው እዚህ ድረስ አልመጣም ብዬ ነው የምጀምረው።

ሁለት ሳምንት አለፈው፣ አፈሩ ላይ ምንም የለም

ቆፍሩት። ይሄን ስል ሰው ይደነግጣል። "ብነካው ይሞትብኛል" ይላል። በ14 ቀን ብቅ ላላለ ፎሶሊያ ይሄ አያሳስብም። ማንኪያ አምጡና ከጥግ በኩል አንዱን ዘር ቀስ ብላችሁ አውጡት። ምን እንደነካው ዘሩ ራሱ ይናገራል።

እንደዘራችሁት ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ውሃ አልደረሰውም፤ አጠጡት። ዘሩ ከነጭራሹ ከሌለ አይጥ ነው፤ ሽቦ ወንፊት ክደኑበት። በቅሎ ከላይ የደረቀው አፈር አላሳልፍ ካለው በጣታችሁ ፈርፍሩለት። እነዚህ በዓመት አንዴ ቢገጥሙኝ ነው።

የተቀረው ሁሉ እንዲህ ነው፦ ዘሩ አብጧል፣ ቡናማ ሆኗል፣ በሁለት ጣት ሲይዙት እንደ ገንፎ ይፈርሳል፣ ይሸታል። በስብሷል። ያበሰበሳችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ። አትቀየሙኝ፣ እኔም ሦስት ዙር አበስብሻለሁ።

ፎሶሊያ ዘር ማንዘሩ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ነው። ሙቀት ይወዳል። አፈሩ ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ከሆነለት በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል። ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ግን ውሃውን ይመጥና ቁጭ ይላል። አብጦ፣ ለስልሶ፣ ሳይንቀሳቀስ። ለአፈር ሻጋታ ከዚህ የተሻለ ምሳ የለም።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። ታህሳስና ጥር ላይ ሌሊቱ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ቀን ፀሐይዋ ስለምታቃጥል ሰው ይታለላል። ጀሪካኑ የሚያድረው ግን ሲሚንቶ ላይ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት በባዶ እግራችሁ ሲሚንቶው ላይ ቁሙ፣ ዘሩ የሚሰማውን ታውቁታላችሁ።

ብርዱ ብቻውን ቢያዘገየው ነው። ገዳዩ ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃ የመጣ ቀን ቤቱ በሙሉ ይሯሯጣል። ጀሪካን ይሞላል፣ ባልዲ ይሞላል፣ ሳፋ ይሞላል። ከዚያ ዓይን ፎሶሊያው ላይ ያርፋል። "እሱም ድርሻውን ይውሰድ" ተብሎ በጆግ ይደፋበታል። እስከሚቀጥለው ፈረቃ እንዲበቃው! ፎሶሊያ ግመል አይደለም።

አንዲት ጎረቤታችን፣ እትዬ የምላቸው፣ ሦስት ጊዜ ዘርተው ሦስቴም አልበቀለላቸውም። በመጨረሻ "ይሄ የሰው ዓይን ነው" ብለው ቆረጡ። ጀሪካኑን ዘንበል ሳደርገው ሁለት ሊትር የሚሆን ጥቁር ውሃ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሽታው አያድርስ። ታችኛው በኩል አንድም ቀዳዳ የለውም። "እትዬ፣ ዓይን አይደለም፣ ዋና ሳይማር ነው የሞተው" አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ሚስማር አግለን በሳነው። በአራተኛው ዙር ከዘሯቸው ስድስት ፍሬዎች አምስቱ በቀሉ።

ሌላው ተማሪ ነው። ጎበዝ ልጅ፣ ቀዳዳ በስቷል። ጀሪካኑን ግን ወለል እንዳያበላሽ ብሎ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦታል። ሳፋው ግማሽ ድረስ ውሃ። ቀዳዳው ውሃ ማስወጣቱን ትቶ ማስገባት ጀምሯል። ይኸው ልጅ ከሥር ሦስት ጣት ጠጠር ጨምሮበታል፣ ውሃ ያሳልፋል ብሎ። ጠጠር ከሥር መጨመር ውሃውን አያስወጣም። ጠጠሩ በያዘው ቦታ ልክ ረግረጉን ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል እንጂ። ይሄን ምክር ማን እንደጀመረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

የእኔ ስህተት ደግሞ መዘፍዘፍ ነበር። ታህሳስ ላይ ዘሩን ከሮቶ በቀዳሁት ውሃ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ዘፈዘፍኩት። ባቄላ በቆልት እንደሚደረገው። በጣም የደረቀ ፎሶሊያ ቀዝቃዛ ውሃ በፍጥነት ሲጠጣ ውስጡ ይሰነጣጠቃል። ሳይዘራ ተጎዳ ማለት ነው። ዘር አትዘፍዝፉ። እርጥብ አፈር ይበቃዋል።

መፍትሄው እነሆ።

ጀሪካኑን ገልብጡና የጋለ ሚስማር ይዛችሁ ከሥሩ ስምንት ወይም አሥር ቀዳዳ ብሱ። ሁለት ሦስቱን ከታች አንድ ጣት ከፍ አድርጋችሁ ከጎን ብሱት። ከዚያ በድንጋይ ወይም በእንጨት ቁራጭ ከወለሉ ከፍ አድርጉት። ይሄ ውሃም ያስወጣል፣ ከሲሚንቶው ብርድም ያድናል። ከሥር ሰሃን ካደረጋችሁ ካጠጣችሁ በኋላ ደፍታችሁ መልሱት። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ሁለት ተክል ይችላል። ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ መዝራት ይቅርባችሁ። በኋላ ማዛወር የግድ ይሆናል፣ ፎሶሊያ ደግሞ ሥሩ ሲነካ አይወድም።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ መልሱት። ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። "አሸዋ ቀላቅዬ አስተካክለዋለሁ" የሚለኝ ሰው አለ። ሌላ ፋሲል ግንብ ልትሠሩ ካሰባችሁ ጥሩ ጭቃ ይወጣዋል። ለፎሶሊያ ግን ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ። ትኩስ እበት በፍጹም! አመድም አታብዙ።

አፈሩን ከመዝራታችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ አርጥቡት። በእጃችሁ ስትጨብጡት ይያያዝ፣ ውሃ ግን አይንጠብ። ዝሩ። ከዚያ እስኪበቅል አታጠጡ። ደግሜ ልበለው፦ እስኪበቅል አታጠጡ። ሰው የሚያቅተው ይቺ ናት። እጁ አያርፍም። ላዩ እንዳይደርቅባችሁ ከፈራችሁ የተበሳሳ ፌስታል አልብሱት፣ አረንጓዴ ነገር ባያችሁ ቀን ግን አንሱት።

ሙቀቱን ከቤታችሁ ፈልጉ። ፍሪጅ ላይ፣ ወይም እንጀራ የሚጋገርበት ክፍል መደርደሪያ ላይ። እስኪበቅል ብርሃን አይፈልግም። መደርደሪያ አልኩ እንጂ ምጣድ አላልኩም! አንዱ ወዳጄ "ይሞቃል ብለኸኝ" ብሎ በጣሳ የዘራውን አክንባሎው ላይ አስቀምጦ ሚስቱ ሊጥ ይዛ መጣች። ፎሶሊያው በሰለ። ጨው ብቻ ነበር የቀረው።

ከበቀለ በኋላ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ሂዱ፣ ነገ ትመለሳላችሁ። ደረቅ ከሆነ ለትንሹ ቡቃያ በሲኒ፣ ላደገው ከሥር ጠብ እስኪል። ውሃውን ፀሐይ ላይ አቆይታችሁ ለብ ሲል። ውሃ መጣ አልመጣ የፎሶሊያው ጉዳይ አይደለም።

ሁሉንም አደረግኩ፣ አሁንም አልበቀለም

እንግዲህ ዘሩ ነው። አንድ ጊዜ በፓኬት ገዛሁ። ሥዕሉ ያምራል። ጀርባው ላይ ያለው ቀን በምላጭ ተፍቋል። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። አሥር ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቀለልኩና በፌስታል አድርጌ ፍሪጅ ላይ አስቀመጥኩ። በሳምንቱ ሁለቱ ብቻ ጭራ አወጡ። ሻጩ ጋ ስመለስ "ውሃ አብዝተህ ነው" አለኝ። ለእኔ! የራሴን ምክር!

ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን ዘር ሳልሞክር አልዘራም። ከአሥሩ ሰባት ካልበቀለ ዋጋ የለውም። ጭራ ያወጡትን አትጣሏቸው፣ ጭራውን ወደ ታች አድርጋችሁ ዝሩ።

ቅዳሜ ገበያ ከተገዛ ለጋ ፎሶሊያ ውስጥ ዘር ፈልቅቆ የዘራም አጋጥሞኛል። ያ ገና አልጎመራም፣ አይበቅልም። ደረቅ ቦሎቄ ግን ይበቅላል፣ ዝርያውም ያው ነው። ችግሩ የወጥ ቦሎቄ የሚለቀመው ለፍሬው ስለሆነ ልጣጩ ብዙ ጊዜ ክር ይበዛዋል። ሦስት ወር ጠብቃችሁ ገመድ እንዳትበሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሮዝ ወይም ቀይ ቀለም የተቀባ ዘር መድኃኒት አለው። ተርፎኛል ብላችሁ ድስት ውስጥ እንዳትጨምሩት። ልጅ ከሚደርስበት አርቁት፣ እጃችሁንም ታጠቡ። ያልተቀባውም ቢሆን ጥሬውን አይበላም፤ ጥሬ ቦሎቄ ጥቂት ፍሬ እንኳ ሆድ ያናውጣል።

ብቅ ብሎ አንገቱ ቀጥኖ ወደቀ

ያው ሻጋታ ነው፣ ያው ውሃ ነው። የወደቀው አይነሳም። ንቀሉት፣ የተቀሩትን ነፋስ ያግኛቸው። አፈሩን መልሳችሁ አትዝሩበት። ትናንሽ ጥቁር ዝንቦች ከአፈሩ ብድግ ብድግ ካሉም መልእክቱ አንድ ነው፤ ላዩ ይድረቅ።

እንደ ክር ረዝሞ ተጋደመ

ብርሃን አጥቶ ነው። ማዳበሪያ ምን ያደርግለታል? ከታህሳስ እስከ ጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የደቡብ መስኮት ምርጥ ነው። ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። የሐምሌና የነሐሴ ደመና ላይ መስኮት ብቻውን አይበቃም። ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ከቅጠሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ብትሰቅሉ ይረዳል፣ መብራት እስካልሄደ ድረስ። ዳንቴል መጋረጃውንም ግለጡለት እንጂ። አንዱ ቤት ጀሪካኑን መጋረጃና መስኮት መካከል ሳይሆን ከመጋረጃው ወዲህ፣ ሶፋ አጠገብ አስቀምጠውት ነበር። ለጌጥ።

ቅጠል በቅጠል ሆነ፣ አበባ የለም

ዩሪያ። ፎሶሊያ ከሥሩ ባክቴሪያ ጋር ተባብሮ ከአየር ናይትሮጅን ያገኛል። ፍግ ከገባለት ዩሪያ አያሻውም። የጨመራችሁ እንደሆነ አቁሙ፣ ጠብቁ። በእፍኝ ጨምሮ በሁለት ቀን ያቃጠለም አውቃለሁ። እሱን መጠበቅም ጥቅም የለውም።

አበባው ይረግፋል

"ቤት ውስጥ ንብ ስለሌለ ነው" ይሉኛል። አይደለም። የፎሶሊያ አበባ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። የሚረግፈው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከመስታወት ኋላ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሄድ፣ ወይም ውሃ ሲጠማ ነው። እዚህ ላይ መጥማትም ይገድላል፤ እስካሁን ስለ ማብዛት ስጮህ ሰምታችሁ ጭራሽ አትርሱት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ከመስታወቱ አንድ ክንድ አርቁት።

ቅጠሉ ላይ የሆነ ነገር

ቡናማ ዱቄት በጣት ሲነካ የሚለቅ ከሆነ ዋግ ነው፣ በክረምት ይመጣል። ቅጠሉን ቆርጣችሁ አስወግዱ፣ ስታጠጡም ከሥሩ። ከቅጠሉ ሥር የተሰበሰበ ክሽክሽ ወይም በበጋ ስስ ድር የሚያደራ ቀይ ሸረሪት ካያችሁ በውሃ እጠቡት፣ ካልለቀቀ ለአንድ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና። የእርሻ መርጫ ቤት ውስጥ አትርጩ። የምትተኙበት ክፍል ነው።

ፍሬው ክር ሆነ

አርፍዳችሁ ለቀማችሁ። እርሳስ ሲያክል፣ ሲሰብሩት ቀጭ ሲል ነው መልቀም፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ። ውስጡ ያለው ፍሬ ተቆጥሮ ከታየ አልፎበታል፤ ተክሉም ዘር ደረሰልኝ ብሎ ማበብ ያቆማል። ከእንግዲህ የቀሩትን ለጋዎች ብሉና ይሄን አንዱን ተክል ተዉት። ልጣጩ ቢጫ ሆኖ እስኪደርቅና ሲነቀነቅ እስኪንኳኳ ይቆይ። ከዚያ ፈልፍሉት፣ ሁለት ሳምንት ጥላ ሥር አድርቁት፣ ነቀዝ እንዳይገባው ከአመድ ጋር በክዳን ዕቃ አስቀምጡት። ለሚቀጥለው ዙር ቀኑ በምላጭ የተፋቀ ፓኬት አትገዙም።