አልወርድ ያለው መርፌ

ካዛንቺስ ባለው ቤቴ ስፕሊት ኤሲ (ክፍል የሚያቀዘቅዝም የሚያሞቅም መሣሪያ) ራሴ ስገጥም ሦስት ቀን የፈጀብኝ ነገር ይህ ነው። ቱቦዎቹን አገናኝቼ አየሩን በቫኪዩም ፓምፕ ሳስወጣ የመለኪያው መርፌ ከዜሮ በታች 0.76 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ላይ ደርሶ ቆመ። መመሪያው 1 ባር ይላል።

የሚያፈስ ቦታ አለ ብዬ የመዳብ ቱቦውን ጫፍ ቆርጬ እንደገና አሰፋሁ፤ ዳዶዎቹን በቶርክ መፍቻ አጠበቅሁ፤ የፓምፑን ዘይት ቀየርሁ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ናይትሮጅን ሞልቼ መጋጠሚያዎቹን ሳሙና ቀባሁ፤ አንዲት አረፋ እንኳ አልተነፋችም። ያን ጊዜ መለኪያውን መጠርጠር ነበረብኝ።

መርፌው የሚያሳየው ከአካባቢው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ስለምትል የአየሯ ግፊት ራሱ 0.76 ባር ገደማ ነው፤ መርፌው ከዚያ በታች መውረጃ የለውም። መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው (ለባሕር ዳር እንኳ አይሠራም)።

በማይክሮን (ቱቦው ውስጥ የቀረውን ግፊት ከዜሮ ተነሥቶ በሚለካ በጣም ትንሽ መለኪያ) የሚያነብ ዲጂታል የቫኪዩም መለኪያ ተዋስሁ። ከ500 በታች ሲወርድ ፓምፑን ከመስመሩ ዘግቼ 30 ደቂቃ ጠበቅሁ። ቁጥሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ረጋ፤ የሚያፈስ ቦታ የለም ማለት ነው። ከዚያ የጋዙን ቫልቮች በአለን ቁልፍ ከፈትሁ፤ ማታውን ክፍሉ ሞቀ።