የከተማ ዩኒቨርሲቲ ወይስ ሰፊ ግቢ ያለው? የሁለተኛ ዓመት ፕሮግራማችሁን አስቀድማችሁ ሥሩ

በአሜሪካ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር አስባችሁ በከተማ መሃል ካለ ዩኒቨርሲቲና የራሱ ሰፊ ግቢ ካለው አንዱን መምረጥ ካስቸገራችሁ፣ ከጉብኝቱ በፊት የሁለተኛ ዓመት ሳምንታዊ ፕሮግራማችሁን በወረቀት ላይ ሥሩት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሴሚስተሩን የኮርስ መርሐ ግብር ለማንም ክፍት አድርገው ድረ ገጻቸው ላይ ስለሚያወጡ፣ ዳታ ስትራክቸርንና ሌሎቹን የግዴታ ኮርሶች ፈልጋችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሕንፃውን መዝግቡ፤ ከዚያም ከዶርም ያለውን ርቀት በጎግል ማፕ ለኩ።

ለምሳሌ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በማንሃተን ዋሽንግተን ስኩዌር አካባቢም፣ ብሩክሊን በሚገኘው ታንደን በተባለው የምህንድስና ትምህርት ቤቱም ስለሚሰጥ፣ የተቀበላችሁ የትኛው እንደሆነ የቀን ውሏችሁን ይወስነዋል። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኧርባና ሻምፔን ደግሞ የትምህርት ክፍሉ መቀመጫ ሲበል ሴንተር የተባለው ሕንፃ ስለሆነ፣ ከዶርም እስከዚያ ያለውን ርቀት ለኩ።

ዘዴው የሚሠራው የዚህ ትምህርት ከባዱ ክፍል ከሌክቸር በኋላ፣ ብዙ ጊዜም አምሽቶ፣ ረዳት መምህራንን በመጠየቅና በቡድን ፕሮጀክት ስለሚከናወን ነው፤ መንገዱ የረዘመበት ተማሪ መጀመሪያ የሚተወው ይህንኑ ነው። ከተማው ለኢንተርንሺፕ (ለሥራ ልምምድ) ይበጃል የሚባለውም በዋናነት በሴሚስተሩ መካከል በትርፍ ሰዓት ለሚሠራ ነው እንጂ፣ አብዛኛው ኢንተርንሺፕ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው የዕረፍት ጊዜ ስለሚሰጥ ተማሪው ሲያትል ወይም ካሊፎርኒያ ሄዶ መሥራት ይችላል።

የገንዘብ ድጋፉ ልዩነት ሰፊ ከሆነ ግን፣ ከመንገዱ ይልቅ ዕዳውን አስቀድማችሁ አስሉ።