የኮሪያውንና የታይላንዱን «ኤፍ ፎር» አነጻጽሮ ለመጻፍ

አንድ ታሪክ በሁለት አገር ተሠርቶ ሲቀርብ ተመልካቾች መጀመሪያ የሚያነሡት ጥያቄ የትኛው ይበልጣል የሚል ነው፤ ክርክሩም አብዛኛውን ጊዜ በተዋናዮቹ መልክ ላይ ቆሞ ይቀራል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከዚያ አልፎ የሁለቱን ሥራዎች ልዩነት በጽሑፍ ማስረዳት ለሚፈልግ ሰው ነው። ለማሳያነት የተመረጡት ኬቢኤስ 2 የተባለው የኮሪያ ጣቢያ ከጃንዋሪ እስከ ማርች 2009 ያሳየው «ቦይስ ኦቨር ፍላወርስ» እና የታይላንዱ ጂኤምኤምቲቪ ሠርቶ ከዲሴምበር 2021 እስከ ኤፕሪል 2022 ያቀረበው «ኤፍ ፎር ታይላንድ» ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለቱም ድራማዎች የሚተርኩት የባለጸጋ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ስለገባች የዝቅተኛ ኑሮ ቤተሰብ ልጅና ትምህርት ቤቱን እንዳሻቸው ስለሚያሽከረክሩ፣ «ኤፍ ፎር» ስለሚባሉ አራት ወጣቶች ነው።

ከሁሉ በፊት ምንጩን ማጣራት ያስፈልጋል። ብዙ ተመልካች የኮሪያውን ሥራ እንደ መነሻ ይቆጥረዋል፤ ታሪኩ ግን የዮኮ ካሚዮ የጃፓን ማንጋ (በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ሲሆን ከ1992 ጀምሮ «ማርጋሬት» በተባለው መጽሔት ላይ በተከታታይ የወጣ ነው። ታይዋን በ2001፣ ጃፓን ራሷ በ2005 እና በ2007፣ ኮሪያ በ2009፣ ቻይና በ2018 ወደ ቴሌቪዥን አምጥተውታል። ስለዚህ የታይላንዱ ሥራ ለኮሪያው ልጁ ሳይሆን ታናሽ ወንድሙ ነው ማለት ይቀላል። ይህ ተራ የታሪክ ማስታወሻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ንጽጽሩን ከሥሩ ይለውጠዋል። ሁለቱ ድራማዎች አንድ ትዕይንት ሲጋሩ ታይላንዶቹ ከኮሪያው ወስደውት ሳይሆን ሁለቱም ከማንጋው ቀድተውት ሊሆን ይችላል። አንዱ ያለውን ሌላው ሳይዝ ሲቀር ደግሞ «ቆረጡት» ከማለት በፊት ማን እንደጨመረው መጠየቅ ይገባል። በኮሪያው የአራቱ ወጣቶች መሪ የሆነውን የጉ ጁን ፕዮን ጥቅልል ጸጉር እንደ ምሳሌ ይውሰዱ፦ ብዙዎች የተዋናዩ የሊ ሚን ሆ መለያ አድርገው ያስቡታል፤ ይሁን እንጂ ጸጉሩ ከማንጋው የመጣ ነው፣ የጃፓኑ ድራማም ይዞት ነበር። የእሱ አቻ በሆነው በታይላንዱ ታይም ላይ ግን የለም። ጥቅልሉን የተዉት ሰዎች የራቁት ከኮሪያ ብቻ ሳይሆን ከማንጋውም ነው ማለት ነው፤ ገጸ ባሕርዩን ከሥዕል ወደ ሰው ለማቅረብ የፈለጉ ይመስለኛል።

ድራማዎቹ የሚታዩበትን ቅደም ተከተል በተመለከተ አሮጌውን ሥራ እስከ መጨረሻው ተመልክቶ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ አዲሱን መጀመር ይሻላል። አንድ ክፍል ከዚህ፣ አንድ ክፍል ከዚያ እያቀያየሩ ማየት ፍትሐዊ ቢመስልም፣ የኋለኛውን ሥራ በራሱ ፍሰት የመመልከት ዕድል ያሳጣል። በሁለተኛው ዙር ግን የተመረጡ ትዕይንቶችን ጎን ለጎን ማስኬድ ግድ ነው። በዚህ ጊዜ የሚመዘገበው «ምን ሆነ» ብቻ አይደለም፤ ድርጊቱን ማን አየ፣ ማን ዝም አለ፣ ከድርጊቱ በኋላ ኪሳራው በማን ላይ ወደቀ የሚሉትም መጻፍ አለባቸው። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ካልተመለሱ ንጽጽሩ የታሪክ ማጠቃለያ ሆኖ ይቀራል።

በቅርብ ሊታይ የሚገባው የመጀመሪያው ትዕይንት የባለታሪኳ አገባብ ነው። በኮሪያው ሥራ ወላጆቿ ላውንደሪ ያላቸው ጉም ጃን ዲ የታጠበ ልብስ ልታደርስ ወደ ሺንህዋ ትምህርት ቤት ትመጣለች፤ የልብሱ ባለቤት ግን በትምህርት ቤት ጓደኞቹ ተደብድቦ ጣሪያ ጫፍ ላይ ቆሞ ራሱን ሊወረውር ነው። እሷ ነገሩ ሳይገባት በፊት የላውንደሪውን ሒሳብ ትጠይቀዋለች፤ ሲዘል ደግሞ ጎትታ ታተርፈዋለች። ወሬው ወጥቶ ሕዝብ የትምህርት ቤቱ ባለቤት በሆነው በሺንህዋ ኩባንያ ላይ ሲያጉረመርም፣ ኩባንያው ቁጣውን ለማብረድ ለልጅቷ በዋና ስፖርት ስም ነጻ የትምህርት ዕድል ይሰጣታል። በማንጋው የባለታሪኳ ወላጆች ናቸው ልጃቸው ከባለጸጎች ጋር እንድትማር የሚጓጉት፤ እዚህ ግን በሩን የሚከፍተው ስሙ እንዳይጎድፍ የሚጣደፍ ኩባንያ ነው። ጥቂት ቤተሰቦች ግዙፍ ኩባንያዎችን በሚቆጣጠሩበት አገር ለሚኖር ተመልካች ይህ ለውጥ ወዲያው ይገባዋል። በአንድ ትዕይንት ውስጥ ቀልዱም፣ ግፉም፣ ገንዘቡም አብረው አሉ፤ በእኔ ግምት ከድራማው ሁሉ የተሻለ የተጻፈው ክፍል ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ቀይ ካርድ ነው። በሁለቱም ሥራዎች አራቱ ወጣቶች ቀይ ካርድ የሰጡት ተማሪ የትምህርት ቤቱ ሁሉ መጫወቻ ይሆናል። ኮሪያው ይህን በዱቄትና በእንቁላል፣ ከፍ ባለ ሙዚቃና ወደ ቀልድ በሚያደላ ትወና ስለሚያቀርበው ተመልካቹ ከድብደባው ይልቅ የጃን ዲን አይበገሬነት ይዞ ይወጣል። በፓታ ቶንግፓን የተዘጋጀው የታይላንዱ ሥራ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ካሜራውን ወደ ተመልካቾቹ ያዞራል፤ ዙሪያውን ቆመው በስልካቸው የሚቀርጹት የኮቸር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከመቺዎቹ ያልተናነሰ ቦታ አላቸው። አበባ መሸጫ ውስጥ እየሠራች የምትማረው የታይላንዱ ባለታሪክ ጎርያም የምትጋፈጠው አንድን ትዕቢተኛ ወጣት ብቻ ሳይሆን ይህን ዝም ባይ ሕዝብ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለበት «የታይላንዱ ጨለም ይላል» ብሎ ማለፍን ነው። የጨለመው ምን እንደሆነ ይናገር፦ የምስሉ ቀለም ነው? ድብደባው ነው? ወይስ ጥፋቱ ከአራት ሰዎች ወጥቶ ለመላው ክፍል መከፋፈሉ? ሦስተኛው ትልቁ ልዩነት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ግን ስለ መጀመሪያው ነው።

ሦስተኛው ትዕይንት የእናቶቹ ግጥሚያ ነው። በኮሪያው የጁን ፕዮ እናት ገንዘብ ይዛ ወደ ጃን ዲ ቤት ትመጣለች፤ የጃን ዲ እናትም ጨው ይዛ በእንግዳዋ ራስ ላይ ትነሰንሳለች። ኮሪያውያን ክፉ ዕጣን ወይም የማይፈለግ እንግዳን ለማራቅ ጨው የመበተን ልማድ ስላላቸው አገሬው ሳቁንም ስድቡንም በአንድ ጊዜ ይረዳል። በታይላንዱ የታይምን እናት ሮዝሊንን የምትጫወተው ሲንዲ ቢሾፕ ናት። ወደ እሷ ትዕይንቶች ሲኬድ የጨው ምትክ መፈለግ አይገባም። የሚፈለገው ሀብታሟ እናት ስትናቅ ወይም ስታሸንፍ ለጎርያ ቤተሰብ የቀረላቸው የክብር መሣሪያ ምን እንደሆነ ነው። ልማድን በልማድ መለካት ንጽጽሩን ያዛባዋል፤ ልማዱ የሠራውን ሥራ መለካት ግን ይቻላል።

ስለ ርዝመት በአጭሩ፦ ኮሪያው 25 ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዱም ከአንድ ሰዓት ያልፋል፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሰኞና ማክሰኞ ይታይ ነበር። ታይላንዱ 16 ክፍሎች ሲኖሩት በሳምንት አንድ ጊዜ ቅዳሜ ነበር። ስለዚህ ማካዎና ኒው ካሌዶኒያ ድረስ የተጓዘውን የኮሪያውን ሰፊ ታሪክ በታይላንዱ ውስጥ መጠበቅ ሚዛናዊ አይደለም፤ የኋለኛው የተላለፈው በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን መሆኑም አይዘንጋ።

የተዋናይ ምርጫም ከፊት ከማወዳደር ባለፈ ሊታይ ይገባል፤ ተዋናዩ ይዞት የሚመጣው ተመልካች አለና። በኮሪያው ከአራቱ ወጣቶች አንዱን ዩን ጂ ሁን የተጫወተው ኪም ህዮን ጁንግ ቀድሞ የኤስኤስ 501 የሙዚቃ ቡድን መሪ ነበር፤ ደጋፊዎቹም ተከትለውት መጥተዋል። በታይላንድ ታይምንና ከአራቱ ሌላውን ካቪንን የተጫወቱት ብራይት ቫቺራዊትና ዊን ሜታዊን ደግሞ በ2020 «ቱጌዘር» በተባለ ድራማ ፍቅረኛሞች ሆነው በመተወን ከአገራቸው ውጭ ሳይቀር ዝና አግኝተው ነበር። ብዙ ተመልካች ወደ «ኤፍ ፎር ታይላንድ» የመጣው ሁለቱን አብረው ለማየት ስለሆነ፣ የታይምና የካቪን ጓደኝነት በሚታይባቸው ትዕይንቶች ላይ የሚሰማው ጭብጨባ ሁሉ ከጽሑፉ ጥንካሬ የመጣ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

አንዳንድ ታሪክ ደግሞ ከአገር አገር እንዳለ አይዛወርም። በ2006 የቀረበው የኮሪያ ድራማ «ጉንግ» ኮሪያ ዛሬም ንጉሥ ቢኖራት ብሎ ስለሚገምት አንዲትን ተማሪ ለአልጋ ወራሹ ያጋባል። የታይላንዱ የ2017 ሥራ ግን ታሪኩን በምናብ በተፈጠረ ሌላ መንግሥት ውስጥ አደረገው። ታይላንድ በሕይወት ያለ የንጉሥ ቤተሰብና ያንን ቤተሰብ ከመዘለፍ የሚጠብቅ ጥብቅ ሕግ ስላላት፣ ለኮሪያዎቹ ተረት የሆነው ነገር ለእነሱ ተረት አይደለም። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲያጋጥም «ለምን ቀየሩት» ብሎ ከመቆጨት በፊት መቀየር ይችሉ ያልነበረውን መለየት ያስፈልጋል።

ወደ መጻፉ ሲገባ ሁሉንም ልዩነት መደርደር አያስፈልግም። አንድ ጥያቄ ይምረጡ፤ ለምሳሌ በሁለቱ ትምህርት ቤቶች ሥልጣኑ የማን ነው የሚለውን ይዘው ሦስቱን ትዕይንቶች በእሱ ብቻ ያብራሩ። የገጸ ባሕርያቱን ስም በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጥንድ ጥንድ አድርገው ያስቀምጡ፤ አለበለዚያ ጁን ፕዮን ከታይም የማያገናኝ አንባቢ መንገድ ላይ ይቀራል። የንግግሩን ውበት በትርጉም ጽሑፍ ተመርኩዘው አይፍረዱ። ፍርድዎን ግን አይደብቁ፦ እኔ በትምህርት ቤት ጥቃት ጉዳይ የታይላንዱን፣ በቤተሰቡ ሕይወትና በቀልዱ የኮሪያውን እመርጣለሁ።

ልምምድ ለሚፈልግ ሰው ቀለል ያለ ጥንድ አለ፤ በ2015 ኬቢኤስ 2 ያሳየው «ሁ አር ዩ፦ ስኩል 2015» እና ጂኤምኤምቲቪ በ2020 የሠራው የታይላንዱ ቅጂ። እዚህ ምንጩ በእርግጥ ኮሪያዊ ስለሆነ የማንጋው ውስብስብ የለም። ሁለቱን መንትያ እህትማማቾች በኮሪያው ብቻዋን የተጫወተችው ኪም ሶ ህዮን ድራማው ሲጀምር ገና 15 ዓመቷ ነበር፤ በታይላንዱ ይህንኑ የያዘችው ናምታን ቲፕናሪ ከ20 ዓመት በላይ ነበረች። የጥቃት ትዕይንቶቹን ሲያነጻጽሩ ከዚህ የዕድሜ ልዩነት መጀመር ይቻላል።